ሮድስ፦ የደሴቲቱ ጥንታዊ ቅርሶችና ጉብኝታቸው

ሮድስ ከቱርክ ጠረፍ ትይዩ ካሉት የግሪክ ደሴቶች አንዷ ናት። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዝ በዚያ በኩል ማለፉ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 21 ተጽፏል። ዛሬ አብዛኛው እንግዳ የሚመጣው ለባሕሩና ለፀሐዩ ነው፤ ዩኔስኮ በ1988 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በግንብ የታጠረ አሮጌ ከተማ ግን ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይገባዋል።

የደሴቲቱን ስም ከሁሉ ያስጠራው ኮሎሰስ፣ ማለትም ግዙፉ የፀሐይ አምላክ የነሐስ ሐውልት፣ ዛሬ የለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ቆሞ፣ በዚያው መቶ ዓመት በመሬት መንቀጥቀጥ ወደቀ። በወደቡ አፍ እግሮቹን አንፈራጦ የሚያሳየው ሥዕል የኋላ ሰዎች ፈጠራ ነው።

አሮጌውን ከተማ ዛሬ ባለው መልኩ ያነጹት የቅዱስ ዮሐንስ ማኅበር የሚባሉት የምዕራብ ተዋጊ መነኮሳት ናቸው። ከ1309 ጀምሮ ገዝተው በ1522 የኦቶማኑ ሱልጣን ሱለይማን ለስድስት ወር ከከበባቸው በኋላ ደሴቲቱን በስምምነት ለቀቁ። የፈረሰኞች ጎዳና በሚባለው ዳገታማ መንገድ ግራና ቀኝ ፈረንሳዮቹም፣ ጣልያኖቹም፣ ስፔኖቹም በየቋንቋቸው ያረፉባቸው የድንጋይ ቤቶች አሁንም አሉ። የታመሙትን ያስተኙበት ሰፊ ሆስፒታል ሙዚየም ሆኗል።

ከጎዳናው ራስ ያለው የማኅበሩ አለቃ ቤተ መንግሥት ጎብኚውን ሊያሳስት ይችላል። የጥንቱን ሕንፃ በ1856 ተከማችቶ የነበረ ባሩድ ፈንድቶ አወደመው። የምናየውን በአብዛኛው የሠሩት ደሴቲቱን በ1912 ከኦቶማኖች የወሰዱት ጣልያኖች ናቸው። በላይኛው ፎቅ የተነጠፉትን ውብ ሞዛይኮች እንኳ ከኮስ ደሴት አምጥተው ነው ያኖሩት።

ለኢትዮጵያዊ ግን ከሞዛይኮቹ ይልቅ በ1940 የተጻፈው የጣልያንኛ የመታሰቢያ ጽሑፍ ቆም ያሰኛል። ግንባታውን ያስፈጸመው ፋሺስቱ አገረ ገዢ ዴ ቬኪ ነው፤ ጽሑፉም የጣልያኑን ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል ሣልሳዊን «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» ይለዋል። ይህ ሲቀረጽ አርበኞቻችን በየጫካው ይዋጉ ነበር፤ በማግስቱ ዓመት (በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሚያዝያ ወር) ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ገቡ። ፎቶ አንስቶ ከማለፍ ይልቅ ልጆችን አጠገቡ አቁሞ ማስረዳት ይገባል።

በአሮጌው ከተማ ምሥራቃዊ ክፍል የአይሁድ ሠፈር አለ። በ1577 የተሠራው ካሃል ሻሎም ምኩራብ ቆሟል፤ ምእመናኑን ግን ናዚዎች በሐምሌ 1944 አፍሰው ወደ አውሽዊትዝ የግድያ ካምፕ ወስደዋቸዋል። አሮጌውን ከተማ የሚጎበኝ ሰው ይህን ሠፈር መዝለል የለበትም።

ከከተማው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ሊንዶስ ትገኛለች። ከመንደሩ በላይ ባለው ገደል አናት አቴና የተባለችው የጥንት ግሪኮች አምላክ ቤተ መቅደስ ዓምዶች ቆመዋል። ወደ ላይኛው ደረጃ ከመድረስዎ በፊት ከአለቱ ተፈልፍሎ የወጣውን የጥንት መርከብ የኋላ ክፍል ልብ ይበሉ፤ ሰው ሁሉ ሽቅብ እያየ ያልፈዋል። አናቱ ላይ ጥላ የለም፣ ድንጋዩም በብዙ እግር ተወልውሎ ያዳልጣል። በበጋ በሩ እንደተከፈተ መግባት፣ የማያንሸራትት ጫማ ማድረግና ውኃ መያዝ ያስፈልጋል።