«የግንዛቤ እጥረት ነው»፦ ስለ ማኅበረሰብ ተሳትፎ የሚደጋገሙ ስህተቶችና እውነታው

በኅብረተሰብ ጤና ሙያ በቆየሁባቸው ዓመታት እንደ «ችግሩ የግንዛቤ እጥረት ነው» ያሰለቸኝ አባባል የለም። የክትባት ሽፋን ሲያሽቆለቁል፣ እናቶች በቤታቸው ሲወልዱ፣ ሕሙማን መድኃኒት ሲያቋርጡ በሪፖርቱ ላይ የሚሰፍረው ምክንያት ይኸው ነው። መፍትሔውም አይለወጥም፤ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ይዘጋጃል፣ የስም መመዝገቢያ ወረቀት ይዞራል፣ በመጨረሻም «ማኅበረሰቡን አሳትፈናል» ተብሎ ይጻፋል።

ማስተማር አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፤ ነገር ግን ማስተማርና ማሳተፍ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አሜሪካዊቷ የፖሊሲ ተንታኝ ሼሪ አርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1969 የዜጎችን ተሳትፎ በ8 እርከን መሰላል መስላ ስታቀርብ፣ መረጃ መስጠትን በ3ኛው፣ ማማከርን በ4ኛው እርከን ላይ አስቀምጣ ሁለቱንም ከይስሙላ ተሳትፎ መድባቸዋለች፤ እውነተኛው ተሳትፎ የሚጀምረው ውሳኔ መጋራት ሲመጣ ነውና።

አንድ ጊዜ በክትባት ግምገማ ላይ፣ እኔ ራሴ ያለሁበት ቡድን፣ ልጆቻቸውን ያላስከተቡ እናቶች የክትባትን ጥቅም አልተረዱም ብሎ ደምድሞ ነበር። ከእነርሱ አንዷን ስናነጋግር ግን የትኛው ክትባት ከየትኛው በሽታ እንደሚከላከል ሳትሳሳት ዘረዘረችልን። ክትባቱ የሚሰጠው በሥራ ቀን ጠዋት ብቻ ነበር፤ እርሷ ደግሞ የቀን ሠራተኛ በመሆኗ አንድ ጠዋት መቅረት የዚያን ዕለት ገቢ ማጣት ነው። የግንዛቤ እጥረት ከነበረም እኛ ዘንድ ነበር። ይባስ ብሎ እናቶችን ለማስተማር የጠራነው ስብሰባም በሥራ ቀን ጠዋት የተካሄደ በመሆኑ፣ የተገኙት ልጆቻቸውን አስቀድመው ያስከተቡት ናቸው። ኢፍትሐዊነት ከአማካይ ቁጥር ጀርባ የሚደበቀው እንዲህ ነው፤ መምጣት የሚችለው ይበልጥ ይጠቀማል፣ የማይችለው ደግሞ «ግንዛቤ የሌለው» ተብሎ ይመዘገባል።

ውሳኔ መጋራት ምን እንደሚያመጣ ለሚጠይቀኝ በኔፓል ማክዋንፑር የተካሄደውንና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመውን ጥናት እጠቅሳለሁ። ጥናቱ አካባቢዎችን በሁለት ወገን ከፍሎ ያነጻጸረ ነበር። የጤና አገልግሎቱን ማጠናከር በሁለቱም ወገን የተደረገ ሲሆን፣ በአንደኛው ወገን ብቻ የጤና ባለሙያ ያልሆነች የአካባቢው ሴት በየወሩ የሴቶች ቡድኖችን ታወያይ ነበር። ሴቶቹ የእናቶችንና የጨቅላዎችን ችግር ራሳቸው ለዩ፤ ገንዘብ ማጠራቀምን፣ የወሊድ ንጽሕና ዕቃዎችን ማዳረስንና በቃሬዛ ማጓጓዝን የመሳሰሉ መፍትሔዎችንም ራሳቸው መረጡ። በእነርሱ ዘንድ የጨቅላ ሕፃናት ሞት ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱት 26.2 ሲሆን፣ ቡድኖቹ ባልነበሩበት ወገን 36.9 ነበር።

የቀሩትን ስህተቶች በአጭሩ ላንሳ። ተሳትፎ የቅርብ ጊዜ ፋሽን ነው ለሚሉ፣ ሰዎች በጤና አገልግሎታቸው እቅድና አፈጻጸም የመሳተፍ መብትና ግዴታ እንዳላቸው ስለ መሠረታዊ ጤና አጠባበቅ የወጣው ዓለም አቀፉ የአልማ አታ መግለጫ እ.ኤ.አ. በ1978 አስፍሮታል። ተሳትፎ ማለት ነፃ ጉልበት ነው ለሚሉ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ለሥራቸው ተመጣጣኝ ክፍያ እንዲያገኙ መክሯል። አንድ የአገር ሽማግሌ ተናገረ ማለት ማኅበረሰቡ ተናገረ ማለትም አይደለም።

በወረርሽኝ ጊዜ ለምክክር ጊዜ የለም የሚለው ግን ከአንድ መስመር በላይ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በምዕራብ አፍሪካ ኢቦላ ሲዛመት፣ ሟቾች ያለ ቤተሰብ ስንብት መቀበራቸው አስከሬን ወደ መደበቅና በስውር ወደ መቅበር ገፋፋ። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት ኖቬምበር ቤተሰብንና የሃይማኖት መሪዎችን የሚያሳትፍ፣ ደኅንነትንም ክብርንም የሚጠብቅ የቀብር መመሪያ ለማውጣት ተገደደ።

የሥራ ባልደረቦቼ ከስብሰባ በኋላ ሪፖርት ሲጽፉ የተሰብሳቢውን ብዛት ትተው ያልመጣው ማን እንደሆነና ለምን እንዳልመጣ፣ እንዲሁም ከተባለው የተነሣ የትኛው እቅድ፣ ሰዓት ወይም በጀት እንደተለወጠ እንዲያሰፍሩ እጠይቃለሁ። የተለወጠ ነገር ከሌለ «አስተምረናል» ብሎ መጻፍ ይበቃል።