የጣና ታንኳ፦ አሠራሯ፣ አያያዟና ጥገናዋ በጎጃም ዳርቻ

ታንኳ በጣና ሐይቅ ዳር ከሚበቅለው ደንገል (ፓፒረስ) ከተባለ ረጅም የረግረግ ተክል የምትሠራ፣ ሚስማርም ሳንቃም የሌላት፣ በማሰሪያ ብቻ የምትቆም ጀልባ ናት። ቃሉ በሌላው የሀገራችን ክፍል ለማንኛውም ትንሽ ጀልባ ይውላል፤ በባሕር ዳርና በዘጌ ግን ሰው ታንኳ ሲል አስቀድሞ የደንገሏን ያስባል። ስለ ታንኳ የተጻፈው አብዛኛው ነገር እንዴት እንደምትሠራ የሚናገር ሲሆን፣ ከተሠራች በኋላ እንዴት እንደምትያዝ፣ እንዴት እንደምትደርቅ፣ ማሰሪያዋና መደቧ እንዴት እንደሚታደስ የሚያስረዳ ጽሑፍ ግን ጥቂት ነው። ይህ ዳሰሳ በጎጃም በኩል ባለው የሐይቁ ዳርቻ ላይ ተመሥርቶ በዚሁ በኩል ያለውን ክፍተት ለመሙላት የተዘጋጀ ነው፤ የታንኳን ዕድሜ የሚወስነው ከሁሉ በላይ እንክብካቤዋ ነውና።

ሐይቁና ደንገሉ

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን፣ በጥልቁ ስፍራ እንኳ ከ15 ሜትር የማያልፍ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ አነስተኛ በመሆኑ ነፋስ ሲነሣ ውኃው ቶሎ ይናወጣል። ማለዳ ላይ እንደ መስተዋት ጸጥ ያለው ሐይቅ ከቀትር በኋላ ማዕበል ሊያነሣ ስለሚችል፣ ታንኳ ቀዛፊዎች ጉዟቸውን በጠዋቱ ይጀምራሉ፤ ይህ ልማድ ለሰውም ለታንኳም ደኅንነት የቆመ ነው።

ደንገል በሐይቁ ዳርና አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በባሕር ዳር አካባቢ በረግረጉ ውስጥ ይበቅላል። ግንዱ ሦስት ማዕዘን ያለው ሲሆን፣ ቁመቱ ከአራት ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ከላይ ጠንከር ያለ አረንጓዴ ልጥ ሸፍኖታል፤ ውስጡ ደግሞ አየር የሞላው ነጭና ለስላሳ ሥጋ ነው። ታንኳን በውኃ ላይ የሚያንሳፍፋት ይህ አየር ነው፤ በጊዜ ብዛት የሚያሰጥማትም ያው ሥጋ ውኃ የሚመጥጥ መሆኑ ነው። የጥገናው ሥራ ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው።

ሥራው የእነማን እንደሆነ

የታንኳ ጥበብ ከሁሉ አስቀድሞ የነገደ ወይጦ ሰዎች ጥበብ ነው። እነዚህ የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች በጥንት ዘመን ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፤ ዛሬ አማርኛ ተናጋሪዎች ሲሆኑ፣ በዓሣ ማስገርና በደንገል ሥራ ይታወቃሉ። ጉማሬ በመብላታቸው ምክንያት ለብዙ ዘመን ከጎረቤቶቻቸው የመገለል በደል ደርሶባቸዋል። የገዳማቱ መነኮሳት ወደ ደሴቶቻቸው የተሻገሩባት፣ የዘጌ ቡናና ማገዶ ባሕር ዳር ገበያ የደረሰባት ታንኳ የእነርሱ እጅ ሥራ ሆና ሳለ፣ ባለሙያዎቹ ተገቢውን ክብር ሳያገኙ መቆየታቸው ሊጠቀስ የሚገባው ነው። ሙያው ግን በእነርሱ ብቻ አልተወሰነም፤ በዘጌና በደሴቶቹ ያሉ ክርስቲያን ነዋሪዎችም ታንኳ ያስራሉ፣ ይቀዝፋሉ።

ጥንታዊነቷን በተመለከተ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ሀገራችን የመጡት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት በጣና ላይ ከቄጠማ መሰል ተክል የታሰሩ ታንኳዎችን አይተው ጽፈዋል። ታንኳን ከጥንታዊት ግብፅ የደንገል ጀልባዎች ጋር የሚያዛምዱ አሉ፤ ተመሳሳይነቱ ዓይን የሚስብ ቢሆንም፣ አንዱ ከሌላው ስለመወረሱ እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይቻል ይሆናል። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መቀመጫውን ዳንግላ ያደረገው የእንግሊዝ ቆንስል ሮበርት ቺስማን ሐይቁንና ደሴቶቹን እየዞረ አጥንቷል።

አሠራሯ በአጭሩ

ደንገሉ በማጭድ ከታጨደ በኋላ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። በደንብ ያልደረቀ ደንገል ከባድ ነው፣ ቶሎም ይበሰብሳል። ይሁን እንጂ አጥንት እስኪሆን የደረቀውም ሲታጠፍ ስለሚሰበር፣ ጫፉን ሽቅብ ለመቀልበስ ሲፈለግ ውኃ ይነካል፤ ርጥበት ያገኘ ደንገል ጠንካራና ታዛዥ ይሆናል። ነዶዎቹ ጎን ለጎንና ጫፍ በጫፍ እየተደራረቡ በልጥ ወይም ከልጥ በተገመደ ገመድ እየተጠፈሩ ይሄዳሉ። የፊቱ ጫፍ እየቀጠነ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ከውስጥ ደግሞ ሌላ የደረቀ ነዶ ተረብርቦ ከፍ ያለ መደብ ይሠራል፤ ቀዛፊውም ጭነቱም የሚያርፉት በዚህ መደብ ላይ ነው። ቀዛፊው አንድ ረጅም የቀርከሃ ዘንግ መሐሉን ይዞ በግራና በቀኝ እያፈራረቀ ይቀዝፋል።

ማድረቅ፣ ማጥበቅ፣ መለወጥ

የታንኳ ወለል ውኃ የሚያስገባ ነው። የሳንቃ ጀልባ ውኃ ካስገባች ተበላሽታለች ማለት ነው፤ ታንኳ ግን ውኃ በነዶዎቿ መካከል እየገባና እየወጣ ትሄዳለች፣ መደቡ ከፍ የሚለውም ለዚህ ነው። ስለዚህ የታንኳ ጠባቂ የሚቆጣጠረው ወለሉ ላይ የታየውን ውኃ ሳይሆን በደንገሉ ሥጋ ውስጥ ተመጦ የቀረውን ነው። ከጉዞ በኋላ ታንኳ ውኃ ላይ ታስራ አታድርም፤ ወደ ዳር ተጎትታ ትወጣና በዛፍ ተደግፋ ትቆማለች ወይም በድንጋይ ላይ ተገልብጣ ትተኛለች። ቁሙን የቆመች ታንኳ ውኃዋ በነዶው ርዝመት ቁልቁል ስለሚንጠባጠብ ከተኛችው ፈጥና ትደርቃለች። በበጋ ፀሐይ ይህ ቀላል ነው፤ በክረምት ግን የዝናቡ ወራት ማድረቂያ ስለሚያሳጣ የታንኳ ዕድሜ ያጥራል። ከጥቂት ሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት የሚለው የተለመደ ግምት የሚለያየው በዋናነት ባለቤቷ ስንት ጊዜ እንዳደረቃት ነው።

ውኃ ወደ ደንገሉ የሚገባው ይበልጡን በተቆረጠው ጫፉና ልጡ በተሰነጠቀበት በኩል ነው። ጎኑ፣ ልጡ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ይከላከላል። ከዚህ የተነሣ ሦስት ነገሮች ጥንቃቄ ይሻሉ። የነዶዎቹ ጫፎች ጠብቀው መታሰርና ከውኃው ከፍ ብለው መቆየት አለባቸው። ታንኳን በድንጋያማ ዳር ላይ ጎትቶ ማውጣት ልጡን ስለሚፈትገው ሁለት ሆኖ አንሥቶ ማውጣት ይመረጣል፤ የሥር ነዶዋ የሚጎዳው ሐይቁ ላይ ካለው ጉዞ ይልቅ በዳር በሚደረገው ጉተታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መደቡ ላይም ጥርብ ድንጋይ ወይም ሹል ነገር በቀጥታ አይጫንም።

ማሰሪያው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ደንገል ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሟሽሻል። ውኃ ላይ ሳለች ጥብቅ የነበረች ታንኳ ደርቃ ስትታይ ማሰሪያዋ ላልቶ ጣት ያስገባል። ይህ እንደ ብልሽት አይቆጠርም፤ ይሁን እንጂ ከድርቀት በኋላ ሁልጊዜ ማሰሪያውን እየተከታተሉ ማጥበቅ ግድ ነው። የላላ ማሰሪያ ነዶዎቹ እርስ በርሳቸው እንዲፋተጉ ያደርጋል፣ ፍትጊያው ልጡን ይሰነጥቃል፣ በስንጥቁም ውኃ ይገባል። ማጥበቁ ከመሐል ተጀምሮ ወደ ሁለቱ ጫፎች ቢሄድ መልካም ነው፤ ከጫፍ የተጀመረ ማጥበቅ ትርፉን ወደ መሐል እየገፋ ሆዷን ሊያሳብጣት ይችላል።

ዛሬ ብዙዎች በልጥ ፈንታ የናይለን ገመድ ይጠቀማሉ። ናይለን አይበሰብስም፣ ከገበያም በቀላሉ ይገኛል። ነገር ግን ቀጭኑ ናይለን ለስላሳውን ግንድ ይበሳል፤ ልጥ ግን ሰፊና ለስላሳ በመሆኑ አብሮ ይርሳል፣ አብሮ ይደርቃል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የቀድሞው ማሰሪያ ለታንኳዋ የተሻለ ነው፤ ናይለን ሲመረጥም ወፈር ያለውን መርጦ፣ ዙሩን አብዝቶ፣ ጫናውን ማካፈል ይገባል።

መለወጥን በተመለከተ፣ አስቀድሞ የሚያረጀው ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ የሚውለው የሥር ነዶ ነው። ጠቁሮ፣ ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ ውኃ የሚተፋና የማይመለስ ከሆነ ዘመኑ አልፏል። ማሰሪያው በየተራ እየተፈታ፣ ያረጀው ወጥቶ አዲስ ደረቅ ነዶ ይተካል፤ ማሰሪያው በአንድ ጊዜ ሁሉ ከተፈታ ታንኳዋ ቅርጿን ትለቃለች። መደቡ ግን በቀላሉ ተነሥቶ ስለሚለወጥ የተለየ ብልሃት አይጠይቅም።

የጣና ደንገል በአትላንቲክ ላይ

የኖርዌዩ ተመራማሪ ቶር ሄየርዳል ጥንታውያን ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ እንደነበረ ለማሳየት ሲነሣ ደንገሉን ያገኘው ከጣና ነው። 12 ቶን ያህል ደንገል ከሐይቁ ታጭዶ ወደ ግብፅ ተወሰደና በፒራሚዶቹ አጠገብ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ባለሙያዎች ታስሮ «ራ» የተባለችው ጀልባ ተሠራች። ራ ምሰሶና ሸራ ነበራት፤ ለስላሳው የደንገል ወለል የአንድ ምሰሶን ጫና በአንድ ነጥብ መሸከም ስለማይችል፣ በጥንታዊ የግብፅ ሥዕሎች እንደሚታየው ምሰሶዋ ሁለት እግር ያለውና በሁለቱም ጎኖች ላይ የሚቆም ነበር።

ራ ግንቦት 25 ቀን 1969 (እ.ኤ.አ.) ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነሥታ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘች በኋላ ባርባዶስ ሳትደርስ ተተወች። ችግሩ የደንገሉ አልነበረም። የቻድ ባለሙያዎች በሀገራቸው የጀልባን የኋላ ጫፍ ሽቅብ የመቀልበስ ልማድ አልነበራቸውም፤ የተጨመረላት የኋላ ጫፍ ደካማ ሆነ። በግብፅ ሥዕሎች ላይ ከዚያ ጫፍ ወደ ወለሉ ተወጥሮ የሚታየውን ገመድም ጌጥ መስሏቸው ተዉት፤ ያ ገመድ ግን የኋላውን ክፍል እንደ ቀስት የሚይዝ ነበር። ያለ እርሱ ጀርባዋ ወደ ውኃው ዘመመ፣ ማዕበሉ ማሰሪያውን ፈተገው፣ ነዶዎቹ እየተበተኑ ሄዱ። በማግሥቱ ዓመት «ራ ሁለት» 12 ሜትር ሆና፣ ከቦሊቪያ ቲቲካካ ሐይቅ በመጡ የአይማራ ባለሙያዎች፣ በዚያው በጣና ደንገል ተሠራች። እነርሱ ሁለት ትላልቅ ጥቅልሎችን በአንድ ሳይቆረጥ በሚዞር ገመድ ወደ መሐል አጥብቀው አያያዙ። ግንቦት 17 ቀን 1970 (እ.ኤ.አ.) ከሳፊ ተነሥታ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። ዛሬም በኦስሎ በኮን ቲኪ ሙዚየም ቆማ ትታያለች፤ የጎብኝዎቹን ዓይን የሚይዘው ደንገል የጣና ነው።

በሁለቱ ጉዞዎች መካከል ደንገሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቅርጹና ማሰሪያው ነበር። ይህን ለጣና ሰው መንገር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ነው።

የቅርብ ጊዜ ለውጦች

እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ በዓሣ ማስገሩ ሥራ ገብቷል። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ከተሠራ በኋላ የሐይቁ ከፍታ መዋዠቅ ተለውጧል፤ በ2003 (እ.ኤ.አ.) ውኃው በእጅጉ ዝቅ ብሎ የጀልባ ጉዞ ተስተጓጉሎ ነበር፣ በዳር ያለው ደንገልም ደርቋል። ለደንገሉ መመናመን ግድቡ፣ የውኃ ሽሽት እርሻ (ውኃው ሲሸሽ በለቀቀው መሬት ላይ የሚደረገው) እና የከተማው መስፋፋት እያንዳንዳቸው ምን ያህል ድርሻ እንዳላቸው የተለያየ አስተያየት ይሰነዘራል። እምቦጭ የተባለው አረም ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይበልጡን በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ተስፋፍቷል። ዩኔስኮ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ጣናን የባዮስፌር ክልል አድርጎ መዝግቦታል።

ለታንኳ ባለቤት የዚህ ሁሉ ትርጉም አንድ ነው፤ ለጥገና የሚሆን ነዶ ከቀድሞው ርቆ መገኘቱ። ደንገል ከመሬት ሥር ከሚሄድ ግንዱ የሚያቆጠቁጥ ተክል ስለሆነ ሥሩ ሳይነካ ከታጨደ ያው ስፍራ ደግሞ ያበቅላል፤ ረግረጉ ታርሶ ሥሩ ከተነቀለ ግን ለሚቀጥለው ክረምት የሚታሰር ነዶ ከዚያ ቦታ አይገኝም።