ፌችሜይልን ከምንጭ ኮዱ ኮምፓይል አድርጎ መጫን

ፖስታ ሣጥን ቁጥር ያለው ሰው ደብዳቤው ቤቱ ድረስ አይመጣለትም። ቁልፉን ይዞ ፖስታ ቤት ይሄዳል፣ ሣጥኑን ይከፍታል፣ ያገኘውን ይዞ ይመለሳል። ፌችሜይል ይህን ምልልስ በሰው ፈንታ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። ሩቅ ያለ ሰርቨር ላይ የተጠራቀመውን ኢሜይል ያመጣና በራሳችን ኮምፒውተር ላይ ላለው የፖስታ ሥርዓት ያስረክባል። ማንበቢያ ገጽ የለውም፣ መጻፊያም የለውም። ሊኑክስ፣ ቢኤስዲና ሌሎች የዩኒክስ ዘመዶች ላይ ይሠራል። የተጻፈው በሲ የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ሰው የጻፈው የምንጭ ኮድ ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም መለወጥ (ኮምፓይል መደረግ) አለበት። ፈቃዱ ጂፒኤል የሚባለው የነጻ ሶፍትዌር ፈቃድ ስለሆነ ኮዱን ማንም አውርዶ ማየት፣ መለወጥና ራሱ መገንባት ይችላል።

ዛሬ አብዛኞቹ የሊኑክስ ዓይነቶች ፌችሜይልን ተገንብቶ ያለቀ ፓኬጅ አድርገው ያቀርቡታል። በአንድ ትዕዛዝ ይጫናል። ለአብዛኛው ሰው ይኼው ይበቃዋል፤ ያለ ምክንያት ከምንጭ ኮድ ልገንባ ማለት ራስን ማድከም ነው። ምክንያት ያለው ሰው ግን አለ። የፓኬጁ እትም አሮጌ ሆኖ፣ የደኅንነት ማስተካከያ የተደረገው ደግሞ አዲሱ ላይ ይሆናል። ፓኬጁን ያዘጋጁት ሰዎች አንድ የሚፈለግ አማራጭ ሳይጨምሩ ትተው ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ኮምፒውተሩ የጋራ ሆኖ ተጠቃሚው የአስተዳዳሪ ሥልጣን የለውም፤ የሚችለው በራሱ ማውጫ ውስጥ መጫን ብቻ ነው።

ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት ስለ አመጣጡ ትንሽ እንበል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አሜሪካዊው ኤሪክ ሬይመንድ በ1996 ኢሜይሉ የሚገባበት ሰርቨር ሌላ ቦታ፣ እሱ የሚሠራበት ኮምፒውተር ደግሞ ቤቱ ነበር። ደብዳቤ መጣ አልመጣ እያለ በየጊዜው እየገባ ማየቱ ሰለቸው። ከባዶ ከመጀመር ይልቅ ለዚሁ ሥራ የተጻፉ ነጻ ፕሮግራሞችን አገላበጠና ካርል ሃሪስ የጻፈውን ፖፕክላየንት መረጠ። ማሻሻያ ሲልክለት ሃሪስ ለፕሮግራሙ የነበረው ፍላጎት ቀዝቅዞ ስለነበር ሙሉ በሙሉ አስረከበው። ከዚያ አንድ ተጠቃሚ አንድ ሐሳብ ከነኮዱ ላከ፦ ፕሮግራሙ ያመጣውን ደብዳቤ ራሱ ፋይል ላይ ከመጻፍ ይልቅ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ላለው የኢሜይል ሰርቨር ኢሜይል በሚላክበት ደንብ፣ በኤስኤምቲፒ፣ ቢያስረክብስ? ይህ ሐሳብ ፕሮግራሙን ሌላ አደረገው። ደብዳቤ ማከፋፈሉን ለሌላ ትቶ ማምጣት ላይ ብቻ አተኮረ። ስሙም ያኔ ተቀየረ። ሬይመንድ በ1997 ጀርመን፣ ቩርትስቡርግ ከተማ በተደረገ የሊኑክስ ጉባኤ ላይ ያቀረበው ዝነኛ ድርሰት ይህንኑ ታሪክ ነው ምሳሌ ያደረገው። ከእሱ በኋላ ሌሎች በጎ ፈቃደኞች ተረክበውት፣ ለብዙ ዓመታት ማቲያስ አንድሬ የተባለ ጀርመናዊ ሲንከባከበው ቆይቷል።

ያ ዘመን የስልክ መስመር ኢንተርኔት ዘመን ነበር። ኢትዮጵያም በ1997 ኢንተርኔት ስትጀምር የገባችው በዚያው በር ነው። ሞደሙ እየጮኸ ይደውላል፣ ደቂቃው ይቆጠራል፤ ደብዳቤን ቶሎ አውርዶ መስመሩን መዝጋትና ተረጋግቶ ማንበብ ነው የሚያዋጣው። ፖፕ የሚባለው ደብዳቤ ማውረጃ ፕሮቶኮል (የመገናኛ ደንብ) ለእንዲህ ዓይነቱ አኗኗር ይመቻል። ሦስተኛው እትሙ ዛሬ የሚሠራበትን መልክ የያዘው በ1996 ሲሆን መደበኛ በሩ (ፖርቱ) 110፣ የተመሰጠረው 995 ነው። አይማፕ የሚባለው ሌላው ፕሮቶኮል ደግሞ ደብዳቤው ሰርቨሩ ላይ እንዲቀመጥ የታሰበ ነው፤ በሮቹ 143 እና 993 ናቸው። ፌችሜይል ሁለቱንም ያውቃል።

ግንባታው የሚጀምረው ኮዱን በማውረድ ነው። የታመቀው ፋይል አጠገብ የዲጂታል ፊርማ ፋይል አለ። ይህን ጂኤንዩፒጂ በሚባለው የፊርማ መመርመሪያ ፕሮግራም ማረጋገጥ ብዙ ሰው የሚዘለው እርምጃ ነው። መዘለል አልነበረበትም፤ ይህ ፕሮግራም የኢሜይል ፓስዋርዳችንን የሚይዝ ነው። ፋይሉ ከተፈታ በኋላ ሥራው በሦስት ትዕዛዝ ያልቃል ይባላል፦ ኮንፊገር፣ ሜክ፣ ሜክ ኢንስቶል። አባባሉ እውነት ነው። ሦስቱ ግን እኩል አይከብዱም። ኋላ ላይ ከሚያጋጥመው ጣጣ አብዛኛው የሚጸነሰው ኮንፊገር ላይ ነው።

ኮንፊገር ረጅም የሼል ስክሪፕት (በተርታ የተጻፉ ትዕዛዞች ፋይል) ነው። ሰው አይጽፈውም፤ ዴቪድ ማኬንዚ በ1991 የጀመረው አውቶኮንፍ የሚባል መሣሪያ ነው የሚያመነጨው። የሚሠራው ሥራ ኮምፒውተሩን መጠየቅ ነው። ሲ ኮምፓይለር አለህ? ይህ ፋንክሽን አለህ? ኦፕንኤስኤስኤል (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የምስጠራ ላይብረሪ) የት ነው ያለው? መልሱን በየመስመሩ «አለ»፣ «የለም» እያለ ስክሪኑ ላይ ያንጠባጥባል። መስመሩ ብዙ ስለሆነ ማንም አያነበውም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ ነገር ሲጠፋ ስክሪፕቱ ይቆማል፣ ስህተቱንም ይናገራል፤ ይህ ደግ ነው። አንዳንዱ ሲጠፋ ግን «የለም» ብሎ ዝም ብሎ ያልፋል። ፕሮግራሙ ያለዚያ ነገር ይገነባል፣ ይጫናል፣ ይሠራል። ጉድለቱ የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ የጎደለው ነገር ሲፈለግ ነው።

ጀማሪን በጣም የሚያናድደው ደግሞ ይኼ ነው፦ ኦፕንኤስኤስኤል ኮምፒውተሩ ላይ አለ፣ ኮንፊገር ግን አላገኘሁም ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ላይብረሪን መጠቀምና በላይብረሪ መገንባት የተለያዩ ናቸው። ለመገንባት ሄደር የሚባሉት ፋይሎች ያስፈልጋሉ፤ እነሱ ለብቻቸው ይታሸጋሉ። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ የፓኬጁ ስም መጨረሻ «ዴቭ» የሚል ቅጥያ አለው፣ ፌዶራና ሬድሃት ላይ ደግሞ «ዴቨል»። ይህን ጫን፣ ኮንፊገርን ድገም፣ አለቀ። ዴቢያን ላይ ፌችሜይልን ለመገንባት የሚያስፈልገውን ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚጭን «አፕት ቢልድ ዴፕ» የሚባል ትዕዛዝም አለ። የፓኬጅ ምንጮቹ ዝርዝር ውስጥ የምንጭ ኮድ መስመሩ ካልተከፈተ ግን አይሠራም። ኮንፊገር ያየውን ሁሉ የሚጽፍበት «ኮንፊግ ሎግ» የሚባል ፋይል አለው። ያልገባ ነገር ሲኖር መልሱ እዚያ ውስጥ ይገኛል፤ ከታች ወደ ላይ እየወጡ ማንበብ ይሻላል።

እዚሁ ላይ አማራጮችም ይሰጣሉ። «ፕሪፊክስ» ፕሮግራሙ የት እንደሚጫን ይወስናል፤ ምንም ካልተባለ ዩኤስአር ሎካል በሚባለው ማውጫ ሥር ይገባል። የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሌለው ሰው የራሱን ማውጫ ይሰጠዋል። ከዚህ ሌላ ምስጠራን፣ ከርቤሮስ የሚባለውን የማንነት ማረጋገጫ፣ የዊንዶውስ ሰርቨሮች የሚጠቀሙበትን ኤንቲኤልኤም የሚባል የመግቢያ ዘዴ የሚመለከቱ አማራጮች አሉ። ለተራ ተጠቃሚ ከእነዚህ ውስጥ ምስጠራው ብቻ ነው ግዴታው። ያለ ምስጠራ የተገነባ ፌችሜይል ዛሬ የሚያናግረው ሰርቨር ማግኘቱ ያጠራጥራል።

ሜክ ቀላሉ ክፍል ነው። ስቱዋርት ፌልድማን በ1976 ቤል ላብስ ውስጥ የጻፈው መሣሪያ ነው። የትኛው ፋይል ከየትኛው እንደሚሠራ ከሜክፋይሉ ያነብና የተለወጠውን ብቻ ኮምፓይል ያደርጋል። (ሜክፋይል ውስጥ ትዕዛዞች በታብ እንጂ በክፍት ቦታ መጀመር አይችሉም። ይህ ሕግ ስንቱን አስለቅሷል። ፌልድማን ስህተቱን ቶሎ አይቶታል፤ ግን ያኔ አስር አስራ ሁለት ያህል ተጠቃሚዎች ነበሩትና እነሱን ላለማስቸገር ተወው።) ፌችሜይል ትንሽ ፕሮግራም ነው። ቡና ጥዶ ለመመለስ እንኳ ጊዜ አይሰጥም። ኮዱን ከታመቀው ፋይል ሳይሆን በቀጥታ ከጊት (ገንቢዎቹ ኮዱን ከሚያስቀምጡበት ማከማቻ) የወሰደ ሰው ግን ተጨማሪ ሥራ አለበት። ኮንፊገር እዚያ ውስጥ የለም፤ አውቶኮንፍና አውቶሜክ ተጭነው መጀመሪያ እሱ ራሱ መመንጨት አለበት። የማዋቀሪያ ፋይሉን የሚያነበውን ክፍል ለመሥራት ደግሞ ፍሌክስና ባይሰን የሚባሉ መሣሪያዎች ይፈለጋሉ። ከሜክ በኋላ «ሜክ ቼክ» ብሎ የተዘጋጁትን ፈተናዎች ማስኬድ ይቻላል።

ሜክ ኢንስቶል ፋይሎቹን ወደ ቦታቸው ይገለብጣል። ቦታው የጋራ ከሆነ ሱዱ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማስኬጃው ትዕዛዝ) ያስፈልጋል። የሩት (የአስተዳዳሪው) ሥልጣን የሚያስፈልገው እዚህ ብቻ ነው፤ ኮንፊገርንና ሜክን በሩት ማስኬድ መጥፎ ልማድ ነው።

አሁን ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ፌችሜይል ሊኖር ይችላል፦ በፓኬጅ የመጣው አሮጌውና አሁን የተገነባው። ተርሚናል ላይ ስሙ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ አዲሱ ይነሣል። ክሮን በሚባለው ሥራን በቀጠሮ የሚያስነሣ ፕሮግራም በየሰዓቱ የሚነሣው ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ክሮን የራሱ አጭር የፍለጋ መንገድ ስላለው ዩኤስአር ሎካል ውስጥ ላይመለከት ይችላል። እኔ በዚህ ተጃጅያለሁ። አዲሱን ገንብቼ፣ ሞክሬ፣ ደስ ብሎኝ ከተኛሁ በኋላ አሮጌው ሌሊቱን ሙሉ በአሮጌው ስህተት ሲንገዳገድ አደረ። መፍትሔው ክሮን ላይ ሙሉውን መንገድ መጻፍ ነው። ወይ አሮጌውን ፓኬጅ ማራገፍ።

የትኛው እንደተነሣና ምን ምን እንደያዘ ለማወቅ ፌችሜይልን ከትልቁ «ቪ» አማራጭ ጋር መጥራት ነው። ከእትሙ ቁጥር ቀጥሎ የመደመር ምልክት ያላቸው አሕጽሮቶች ይወጣሉ፤ ኤንቲኤልኤም፣ ኤንኤልኤስ (መልእክቶችን በሌላ ቋንቋ ማሳያው)፣ ለምስጠራው ደግሞ እንደ እትሙ ኤስኤስኤል ወይም ቲኤልኤስ። ኮንፊገር በዝምታ ያለፈው ነገር ካለ እዚህ መስመር ላይ ይጎድላል። ከተጫነ በኋላ መጀመሪያ የሚታየው ነገር ይህ መሆን አለበት።

ቀጥሎ የማዋቀሪያው ፋይል አለ። በተጠቃሚው ማውጫ ውስጥ የተደበቀ ፋይል ነው። ሰዋስዉ ደስ ይላል፤ «አንድ» (እና)፣ «ዊዝ» (ጋር) የሚሉ የእንግሊዝኛ ቃላት ለማማር ያህል ሊገቡበት ይችላሉ፣ ፕሮግራሙ ይዘላቸዋል። ፓስዋርድ ስላለበት ከባለቤቱ በቀር ሌላ ሰው ሊያነበው የሚችል ከሆነ ፌችሜይል አልሠራም ይላል። የፋይሉን የመነበብ ፈቃድ 600 (ለባለቤቱ ብቻ) ማድረግ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳይነገር አይታለፍም። ፌችሜይል ደብዳቤውን ካስረከበ በኋላ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ያጠፋል። ይህ ስህተት አይደለም፣ የተለመደ ጠባዩ ነው። ስለዚህ ሙከራው ሁሉ «ኪፕ» በሚለው አማራጭ ይሁን፤ ያኔ ዋናው እዚያው ይቀራል። ደግነቱ ማስረከቡ ካልተሳካ አያጠፋም። የራስ ኮምፒውተር ላይ በር 25ን የሚያዳምጥ የኢሜይል ሰርቨር ከሌለ ግንኙነቱ ተከለከለ የሚል መልእክት ይመጣል፣ ደብዳቤው ግን በቦታው ነው። እንዲህ ሲሆን «ኤምዲኤ» በሚለው መስመር ደብዳቤውን የሚቀበል ሌላ ፕሮግራም መጥቀስ ይቻላል።

ኦፕንኤስኤስኤልንም ራሱ የገነባ ሰው ሌላ እንቅፋት ይጠብቀዋል። ያ ኦፕንኤስኤስኤል የሰርቨሮችን ማንነት የሚያረጋግጥባቸውን የምስክር ወረቀቶች የሚፈልገው በራሱ ማውጫ ውስጥ ነው፣ እሱም ባዶ ነው። የሰርቨሩ ማንነት አልተረጋገጠም የሚል ስህተት ይወጣል። ማረጋገጫውን ማጥፋት ሳይሆን የምስክር ወረቀቶቹ የት እንዳሉ መንገር ነው የሚገባው።

ፌችሜይል ለሁሉም አልተመቸም። ቻርልስ ካዛቦን በፓይተን የጻፈው ጌትሜይል ለፌችሜይል ምትክ ተብሎ የቀረበ ነው፤ ፓይተን ስለሆነም ኮምፓይል የሚባል ጣጣ የለበትም። ፖፕ ብቻ ለሚበቃው ኤምፖፕ አለ።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ትልቁ ፈተና የመጣው ከሰርቨሮቹ በኩል ነው። ጂሜይል በ2022 ተራ ፓስዋርድ ብቻ ይዞ የሚመጣን ፕሮግራም ማስገባት አቆመ። አሁን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን አብርቶ ለፕሮግራሙ የተለየ ፓስዋርድ ማውጣት ያስፈልጋል። ማይክሮሶፍትም በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ለድርጅቶች በሚሰጠው የኢሜይል አገልግሎት ተራውን የፓስዋርድ መግቢያ መዝጋት ጀመረ፤ የሚፈልገው በፓስዋርድ ፈንታ ጊዜያዊ ፈቃድ የሚሰጠውን ኦኦውዝ 2 የሚባል ዘዴ ነው። የፌችሜይል የ6.4 ተከታታይ እትም ኦኦውዝ 2ን አያውቅም። የሚያውቀው በሙከራ ላይ ያለው የ7 እትም ነው። እሱን የፈለገ ሰው አውቶኮንፉን፣ ፍሌክሱንና ባይሰኑን ጭኖ ኮዱን ከጊት አውርዶ ራሱ ይገነባል።