ከመጠምጠም መማር ይቅደም፦ ምሳሌው፣ ትርጉሙ እና ባህላዊ ንቅሳት

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ አባቶች። ብዙ ጊዜ የምንሰማው ሰው ሲገሠጽ ነው። ሥራውን ሳያውቅ ወንበር ላይ ለወጣ ሹም ይባላል። ሳያነብ ለሚያስተምር፣ ሳያጣራ ለሚፈርድም ይባላል። እኔ ዛሬ ያነሣሁት በሌላ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባም ዋሽንግተንም ያሉ ወጣቶች የአንድን ሕዝብ ባህላዊ ንቅሳት ገላቸው ላይ ማስነቀስ ይፈልጋሉ። «ዝም ብሎ ጌጥ አይሁን፤ ትርጉም ያለው ይሁን» ይላሉ። ከዚያ «የቱን ልምረጥ?» ብለው ይጠይቃሉ። ለዚህ ጥያቄ ከዚህ ምሳሌ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

መጀመሪያ የምሳሌውን አገር እንይ። ጥምጥም ራስ ላይ የሚጠቀለል ነጭ ጨርቅ ነው። ቄሱ ይጠመጥማል፤ መሪጌታው ይጠመጥማል። በእስልምናም ሼኹ ይጠመጥማል። ገጠር ውስጥ ጥምጥም ያደረገ ሰው ሲመጣ ሰው ከመቀመጫው ይነሣል። ጨርቁን ግን ማንም ሰው ገበያ ወጥቶ ሊገዛው ይችላል። የሚከበረው ከጨርቁ በፊት የመጣው ትምህርት ነው።

ትምህርቱ ደግሞ ቀላል አልነበረም። ልጁ ፊደል ይቆጥራል፤ አቡጊዳ ይላል፤ መልእክተ ዮሐንስን አንብቦ ዳዊት ይደግማል። ከዚያ እናት አባቱን ትቶ ይሄዳል። ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል። የመንደር ውሻ ያባርረዋል። የዜማውን ትምህርት፣ ድጓን የፈለገ ጋይንት ቤተልሔም ይወርዳል። ቅኔ የፈለገ ዋሸራ ወይም ዋድላ ይሄዳል። ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ዙር አባ፣ አቋቋም የፈለገ ጎንደር። አንዱን ጨርሶ ሌላውን ሲጀምር ዓመታት ይነጉዳሉ። ወሎ ውስጥ የእስልምና ተማሪው፣ ደረሳውም እንዲሁ ነው፤ ከአንዱ ሼኽ ወደ ሌላው እየዞረ፣ መንደሩ በሚሰጠው ምግብ እየኖረ ኪታብ ይማራል። እንግዲህ ይህን ሁሉ ሳያልፍ ራሱን ጠምጥሞ ብቅ ያለ ሰው ሲታይ ነው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚባለው።

ምሳሌው መጠምጠምን አይጠላም። የሚለው ስለ ቅደም ተከተል ነው። ምልክቱ መጨረሻ ይመጣል፤ የሚመሰክርለት ነገር ግን አስቀድሞ መኖር አለበት። ይህን ነጥብ የምወደው ለዚህ ነው። ሰውን አይከለክልም፤ ግን የቤት ሥራ ይሰጠዋል።

አሁን ወደ ንቅሳቱ ልምጣ። በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ንቅሳት ጥምጥም ነው። ሰውየው ያለፈበትን፣ የተወለደበትን፣ የተፈቀደለትን ነገር ይናገራል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የኒውዚላንድን ነባር ሕዝብ፣ ማኦሪዎችን እንውሰድ። ንቅሳታቸው ሞኮ ይባላል። ጥንት ከአልባትሮስ ወፍ አጥንት በተሠራ መሮ ቆዳው ይቦረቦር ነበር፤ ስለዚህ ጠባሳው ሲዳሰስ ጎድጎድ ይላል። ፊት ላይ ያለው ሞኮ የሰውየውን ትውልድ፣ ጎሣውንና ማዕረጉን ይይዛል። ሴቶች ከንፈርና አገጫቸው ላይ የሚነቀሱት ሞኮ ካዋኤ ይባላል። በ1921 ኔታና ፋካሪ የተባሉ የዋይማና ሽማግሌ ስለ ሞኮ የተናገሩት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ውድ ንብረትህን በአጋጣሚ ልታጣ ትችላለህ፤ ሞኮህን ግን ከሞት በቀር የሚወስድብህ የለም፤ እስከ መጨረሻ ቀንህ ጌጥህም ጓደኛህም ነው የሚል ሐሳብ ነው።

ይህ ባህል ብዙ ተገፍቷል። በ1907 የማኦሪ ባህላዊ አዋቂዎችን የሚያግድ ሕግ ወጣ፤ የተሻረው በ1962 ነው። የወንዶቹ የፊት ሞኮ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። አገጫቸውን የተነቀሱ አሮጊቶች ናቸው እስከ ዘመናችን ያደረሱት። ናናያ ማሁታ የምትባል የፓርላማ አባል በ2016 አገጯን ተነቀሰች። በ2020 የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነች። ፊቷ ላይ ያለውን ምልክት ከእነዚያ አሮጊቶች ለይቶ ማየት አይቻልም። እንግዲህ ይህንን ከካታሎግ ገልብጦ የሚያስነቅስ የሌላ አገር ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ አስቡት። የማያውቃቸውን የሰው አያት ቅድመ አያቶች ቆዳው ላይ መጻፉ ነው።

ደስ የሚለው ማኦሪዎች ራሳቸው በሩን አልዘጉም። ለሌላ ሰው የሚሠሩት ንቅሳት አላቸው፤ ኪሪቱሂ ይሉታል። የማኦሪ ጥበብ ነው፤ ግን የትውልድ ሐረግ አይጠቅስም። ስለዚህ አንድ የእኛ ልጅ ይህን ጥበብ ከወደደ የማኦሪ ነቃሽ ፈልጎ «ለእኔ ኪሪቱሂ ሥራልኝ» ማለት ይችላል። ይህችን አንዲት ነገር ማወቅ ብቻ ትልቅ ስሕተት ታስቀራለች።

ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ባሉት የሳሞአ ደሴቶች ደግሞ ወንዱ ከወገቡ እስከ ጉልበቱ ይነቀሳል። ፔዓ ይባላል። የሴቷ ቀለል ያለ ነው፤ ማሉ ይባላል። ነቃሹ ቱፉጋ ነው፤ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለውን መሣሪያ በእንጨት እየመታ ይነቅሳል። ሕመሙ ከባድ ነው፤ ብዙ ቀን ይወስዳል። ጀምሮ ያቋረጠ ሰው ኀፍረቱን ዕድሜ ልኩን ይሸከማል። በ2013 ናይኪ የፔዓን ንድፍ የሴቶች ጠባብ ሱሪ ላይ አትሞ ነበር። የፓስፊክ ሰዎች ተቆጡ፤ ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ ሱሪውን ከገበያ አነሣ። ቁጣው ይገባኛል። የወንዶች የሕመምና የክብር ምልክት በገንዘብ የሚገዛ የስፖርት ልብስ ሆኖ መጣባቸው።

ሁለት የምናውቃቸውን ሰዎች ጎን ለጎን ላስቀምጥ። ቦክሰኛው ማይክ ታይሰን በ2003 ግራ ዓይኑ አካባቢ ተነቀሰ። መጀመሪያ ያሰበው ልብ ቅርጽ ነበር፤ ነቃሹ ነው ከማኦሪ ሞኮ መንፈስ የተቀዳውን ንድፍ ያቀረበለት። በዚያው ዓመት ዘ ሮክ የምንለው ተዋናይ ድዌይን ጆንሰን ትከሻውንና ደረቱን ተነቀሰ። እናቱ ሳሞአዊት ናት። የነቀሰው ፖኦይኖ ይሮንዲ የታሂቲ ሰው ነው፤ የቤተሰቡን ታሪክ ሰምቶ ነው ንድፉን ያወጣው። ሥራው ወደ 60 ሰዓት ፈጀ። ሁለቱም ንቅሳቶች ያምራሉ። አንዱ ግን የተነቀሰውን ሰው እናት ያውቃል። የእኔ ምርጫ የትኛው እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

ፊሊፒንስ፣ ካሊንጋ ተራሮች ውስጥ ቡስካላን የምትባል መንደር አለች። እዚያ ዋንግ ኦድ የሚባሉ እናት አሉ፤ በ1917 የተወለዱ። ከሎሚ ወገን በሆነ ዛፍ እሾህና በጥላሸት ነው የሚነቅሱት። በ2023 የቮግ ፊሊፒንስ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጥተዋል። በድሮው ወግ ወንዱ የሚነቀሰው በጦርነት ጀግንነቱን ሲያስመሰክር ነበር። ዛሬ እንግዶች ከዓለም ዙሪያ ይመጣሉ፤ እሳቸውም በእጃቸው ሦስት ነጥብ ያትሙላቸዋል። ሦስቷ ነጥብ የጀግናው ንቅሳት አይደለችም፤ የእሳቸው ፊርማ ናት። ለመጣ ሰው የሚገባው ያ ነው፤ ለጀግናው የተጠበቀው ሌላ ነው። ይህ ልዩነት በጣም ያምረኛል።

እሾህና ጥላሸት ሲባል የእኛ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ጎንደር፣ ጎጃም፣ ወሎ፣ ትግራይ ያደጉ ሴቶች የተነቀሱት በዚሁ ነው። አንገት ላይ የተደረደረ መስመር። ግንባር ላይ መስቀል። አገጭ ላይ ነጥብ። ድዷንም ትነቀሳለች፤ ድድ ሲጠቁር ጥርስ ነጥቶ ይታያላ። አንዷ ለውበት፣ አንዷ ለእምነት፣ አንዷ ለቡዳ መከላከያ ትነቀሳለች። ለእንቅርት መድኃኒት ይሆናል ተብሎ አንገቷን የተነቀሰችም አለች። አንዳንዷ ደግሞ ገና ልጅ ሳለች ተይዛ ነው፤ ማንም ፈቃዷን አልጠየቃትም። ይህንንም መሸፋፈን የለብንም።

ወደ ምዕራብ፣ ጋምቤላ ብንሄድ ኑዌሮች አሉ። የኑዌር ወንድ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ግንባሩ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ ስድስት መስመር በምላጭ ይቆረጣል። በድሮው ወግ ከዚያ ወዲያ ላም አያልብም፤ ማለብ የልጆችና የሴቶች ሥራ ነው። ዛሬ ሳይቆረጡ የሚያድጉ ብዙ ናቸው። ያ ስድስት መስመር ግን በአንድ ወንድ ዕድሜ ውስጥ የታጠፈ ገጽ ነው። ኑዌር ያልሆነ ሰው «ኢትዮጵያዊ ነኝ፤ የእኛው ነው» ብሎ ሊወስደው አይገባም። አገር መጋራት ማዕረግ መጋራት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ውጭ አገር ያደጉ ልጆቻችን እንደ ማኦሪና ሳሞአ ያለ የፖሊኔዥያ ንድፍ ከኢንተርኔት ይመርጣሉ። አያታቸው ግን አንገቷን ተነቅሳ ሳሎን ተቀምጣለች። ማንም አልጠየቃትም። ማን ነቀሰሽ? በስንት ዓመትሽ? ወደሽ ነው ወይስ ተይዘሽ? ይህኛው መስመር ምን ይባላል? የእናትሽም እንዲሁ ነበር? ጥያቄው ቀላል ነው፤ መልሱ ግን ከእሷ ጋር ሊሄድ ይችላል። የገጠር ነቃሾች እየቀነሱ ነው፤ ሴት ልጆቻቸውም ትምህርት ቤት ናቸው። ደግሞ መቀነሱ ክፉ ብቻ አይደለም፤ አንዱን መርፌ ለብዙ ሰው መጠቀም የጉበት በሽታ ያስተላልፋል።

መልሷ ደግሞ ያላሰብነውን ሊያመጣ ይችላል። እስራኤል ውስጥ ካሉ ቤተ እስራኤል፣ ማለትም ኢትዮጵያውያን አይሁድ እናቶች ግንባራቸው ላይ መስቀል የተነቀሱ አሉ። በክርስቲያን ጎረቤቶች መካከል ኖረው ነው። አንዳንዶቹ እዚያ ከደረሱ በኋላ በሌዘር ለማስጠፋት ሄደዋል። እንዲህ ያለች እናት የልጅ ልጅ ንድፉን ብቻ አይታ ብትነቀሰው ለአያቷ የሚያም ነገር ልትሸከም ነው። «የአያቴ ስለሆነ የእኔ ነው» ማለትም መማር ይቀድመዋል ማለት ነው።

ኦርቶዶክስ ለሆናችሁ ደግሞ ሌላም አለ። ብዙ ካህናት ንቅሳትን አይወዱም፤ ኦሪት ዘሌዋውያን 19፥28ን ይጠቅሳሉ። የመስቀል ንቅሳት ግን በእኛም በግብፅ ኮፕቶችም ዘንድ የቆየ ነው፤ ኮፕቶች ቀኝ እጃቸው አንጓ ላይ ይነቀሳሉ። ከመወሰናችሁ በፊት የንስሐ አባታችሁን ማናገር ይሻላል። ወላጆቻችሁ የሚያኮርፉበት ምክንያትም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

የግዕዝ ጽሑፍ የሚያስነቅሱም በዝተዋል። የራስ ፊደል ነው፤ ደስ ይላል። ግን በግዕዝ ሞክሼ ፊደላት ትርጉም ይለውጣሉ። «ሰአሊ ለነ ቅድስት» በእሳቱ ሰ እና በአልፋው አ ሲጻፍ «ቅድስት ሆይ ለምኝልን» ነው። በንጉሡ ሠ እና በዓይኑ ዐ ከተጻፈ «ቅድስት ሆይ ሥዕል ሳይልን» ይሆናል። ነቃሹ አማርኛ የማያነብ ሰው ከሆነ የሰጣችሁትን ነው የሚገለብጠው። ስለዚህ ወረቀቱን መጀመሪያ ቅኔ ለተማረ ሰው አሳዩት። በስልክ ፎቶ መላክ ይበቃል። ከተነቀሰ በኋላ ማጥፊያው ሌዘር ነው። ብዙ ቀጠሮ ይፈልጋል፤ በየቀጠሮው መካከል ሳምንታት ይጠበቃል፤ ከመነቀሱ በላይ ያስከፍላል፤ ሁልጊዜም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።