«እነሱ ቤት እኮ እግር አለ»

በቀደም የአክስቴ ልጅ ቤት ቡና እየጠጣን ነበር። ለወንድ ልጇ ሽማግሌ ይላክ አይላክ እየተመከረ ነው። ልጅቷ የተማረች ናት፣ ጨዋ ናት፣ ሁሉም ወደዋታል። ከዚያ አንድ ትልቅ ሴትዮ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እነሱ ቤት እኮ እግር አለ» አሉ። አለቀ። ወሬው ወደ ጤፍ ዋጋ ዞረ።

እኔ ጎጃም ውስጥ ጤና ጣቢያ ስሠራ ስንት ያበጠ እግር ያጠብኩ ነርስ ነኝ። ይቺን ነገር መስማት ታክቶኛል። ያን ቀን በሰው ቤት አልጣላም ብዬ ዋጥኳት። እዚህ ግን ልተንፍስ።

የምናወራው ስለ እግር እብጠት ነው። አንዳንዱ ዝሆኔ ይለዋል፣ በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ። በአገራችን ወደ 1.5 ሚሊዮን ሰው እንዳለበት ይገመታል።

ስለሱ ከሚወሩት የተሳሳቱ ወሬዎች ትንንሾቹን ቶሎ ልጨርሳቸው።

«ይጋባል።» አይጋባም። ተህዋስ የለውም። አብራችሁ ብሉ፣ አብራችሁ ተኙ።

«ድግምት ረግጦ ነው፣ እርግማን ነው።» የረገጠው አፈር ነው።

«ትንኝ ነው የሚያመጣው።» እሱ ሌላው የዝሆኔ ዓይነት ነው፣ ቆላ ይበዛል። ይሄኛው የደጋና የወይና ደጋ ነው።

አሁን ወደዋናው። «በዘራቸው ነው።»

እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩን ከአፈር ጋር አያይዞ አጥንቶታል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ውስጥ ዓይን የማያያቸው ደቃቅ ቅንጣቶች አሉ። በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባሉ። ከእግር ፈሳሽ የሚመልሰው ቱቦ ይቆጣል፣ እያደር ይደፈናል። ፈሳሹ እታች ይቀራል፣ እግር ያብጣል። ይህ ሁሉ ዓመታት ይፈጃል።

በቤተሰብ መታየቱ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የወላይታ ጥናትም አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ለዚህ አፈር ይበልጥ ተጋላጭ መሆኑን አሳይቷል። ግን አፈሩ እግር ካልነካ በሽታው የለም። ደግሞስ ሰው ከአባቱ የሚወርሰው ደም ብቻ ነው እንዴ? መሬቱንም ይወርሳል። በባዶ እግር ማረሱንም ይወርሳል።

አንድ የማክማቸው ገበሬ ነበሩ፣ ሁለቱም እግራቸው ያበጠ። አንድ ቀን ወንድማቸው ሊጠይቃቸው መጣ። አስተማሪ ነው፣ ከልጅነቱ ከተማ አጎቱ ቤት ነው ያደገው። ካልሲውን እንዲያወልቅ ለመንኩት። አፍሮ እየሳቀ አወለቀ። ቀጭን፣ ለስላሳ እግር፣ የጫማው ክር ምልክት የቀረበት። አንድ አባት፣ አንድ እናት። አንደኛው ከተማ ውስጥ አጎት አገኘ፣ ሌላኛው በሬ ተከትሎ ቀረ።

ይሄን ስነግራቸው ደግሞ «ታዲያ ጫማ ለምን አያደርጉም?» ይሉኛል። ይህን የሚጠይቀኝ ሰው እስካሁን በባዶ እግሩ መጥቶ አያውቅም። ኮንጎ ጫማ ፀሐይ ላይ እግር ይቀቅላል። እርሻ ላይ ጭቃው መንጭቆ ያስቀረዋል። ደህናዋ ጫማ ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ ትቀመጣለች። አምስት ልጅ ያለው ሰው ደግሞ በየዓመቱ የሚያድግ አሥር እግር አለው። እግር በየቀኑ ታጠቡ ስንልም ውኃው በጀሪካን በሴት ጀርባ ከምንጭ እንደሚመጣ እንረሳለን። እኔም ብዙ ጊዜ ረስቼ ተቆጥቻለሁ።

«መድኃኒት የለውም» የምትሉ፣ ስሙኝ። በየቀኑ በውኃና በሳሙና ይታጠብ። በጣቶቹ መሃል ሳይቀር ይድረቅ፣ ቫዝሊን ይቀባ። ማታ እግር ከፍ ይበል። ካልሲና ሽፍን ጫማ ይደረግ። ፋሻውን እንዴት እንደሚጠመጠም ጤና ጣቢያ ያሳያሉ። በጊዜ የተያዘ እብጠት ይመለሳል፣ የቆየውም ይቀንሳል። ምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ ላይ ይህ እንክብካቤ ለአንድ ዓመት ተሞክሮ፣ ታማሚዎቹ እግሩ እየተነሳባቸው በትኩሳት የሚተኙበት ጊዜ ቀንሷል። እያንዳንዱ የተኙበት ቀን ያልታረሰ ማሳ ነው፤ ካልታረሰ ማሳ ደግሞ የጫማ ገንዘብ አይገኝም።

ሽማግሌው እስካሁን አልተላከም። ትናንት ማታ ግን የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ።

«እውነት አይጋባም?»

«አይጋባም።»

«የልጅ ልጆቼስ?»

«ጫማ ግዢላቸው» አልኳት።