የየካቲት ግምት፦ የፎርሙላ ዋን መኪኖች ከውድድር በፊት እንዴት ይመዘናሉ?

የካቲት ላይ ጅማ ዙሪያ ዝናብ ጠብ ካለ ቡናው ያብባል። ገበሬው አበባውን አይቶ የዓመቱን ምርት ይገምታል። አንዳንዴ ይሰምርለታል። አንዳንዴ ደግሞ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። በዚያው ሰሞን ባህሬን በረሃ ላይ የፎርሙላ ዋን (የመኪና እሽቅድምድም) ቡድኖች አዲስ መኪናቸውን ያወጣሉ። እዚያም ሥራው ያው ግምት ነው።

ቅድመ ውድድር ሙከራ የሚባለው ይህ ነው። ቡድኖቹ የአውሮፓን ብርድ ፋብሪካ ውስጥ ተዘግተው የሠሩትን መኪና በደንብ የሚፈትኑበት ጊዜ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዋናው ሙከራ የሚካሄደው ሳኪር በተባለው የባህሬን ትራክ ነው። አንዱ ዙር 5.412 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በ2025 የተሰጣቸው ሦስት ቀን ብቻ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ላይ አንድ ቡድን በአንድ ጊዜ የሚያወጣው አንድ መኪና ነው፤ ሁለቱ ሹፌሮች ቀኑን ይካፈላሉ። ለእኛ ሰዓቱ ይመቻል። ባህሬንና ጅማ ሰዓታቸው አንድ ስለሆነ፣ እዚያ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ሞተር ሲነሳ እዚህ አቦል እየተቀዳ ነው።

ማታ ላይ ማን ዙሩን በስንት እንደጨረሰ የሚያሳይ ዝርዝር ይወጣል። ጀማሪ ተመልካች የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ቡና ሲቀመስ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ናሙናው ሁሉ እኩል ይቆላል፣ እኩል ይመዘናል፣ ውሃውም እኩል ይሆናል። ሲኒ ከሲኒ የሚወዳደረው ያኔ ነው። ባህሬን ላይ ግን ማንም የቆላበትን እሳት አይናገርም።

ነዳጁን እንውሰድ። 10 ኪሎ ነዳጅ መኪናውን በአንድ ዙር 0.3 ሰከንድ ገደማ ያዘገየዋል። እስከ 2025 ለአንድ ውድድር የሚፈቀደው 110 ኪሎ ነበር። ሙሉ ታንክና ባዶ ታንክ ሦስት ሰከንድ ያህል ይራራቃሉ ማለት ነው። በፊተኛውና በኋለኛው ቡድን መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰከንድ አይሞላም! ጎማውም አለ። ለስላሳው ይፈጥናል፣ ቶሎ ያልቃል፤ ጠንካራው ይዘገያል፣ ግን ይቆያል። አንዳንዱ ቡድን ሞተሩን ቆጥቦ፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ ይዞራል።

ነገሩ የገባቸው ሰዎች ፈጣኑን ዙር ትተው ረጅሙን ጉዞ ይከታተላሉ። አንድ መኪና 15 ወይም 20 ዙር በተከታታይ ሲሄድ፣ ነዳጁ እየቀለለም ፍጥነቱ ቶሎ ቶሎ ከወረደ ጎማ ይበላል ማለት ነው። የዙር ብዛትም ብዙ ይናገራል። በ2014 ስፔን ውስጥ ሄሬዝ ላይ በተደረገው የአራት ቀን ሙከራ፣ አራት ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን የነበረው ሬድ ቡል 21 ዙር ብቻ ሄደ። መርሴዲስ 309 ዙር ሄደ። በዚያ ዓመት ከ19 ውድድሮች 16ቱን ያሸነፈው መርሴዲስ ነው።

ዓይንና ጆሮም ይሠራሉ። የእኛ የባጃጅ መካኒክ ሞተር ሳይፈታ ድምፁን ሰምቶ በሽታውን ይናገር የለም? እዚያም ሹፌሩ መሪውን ስንት ጊዜ እንደሚያርም፣ የኋላ ጎማው ኩርባ ላይ እንደሚከዳው ይታያል። መሐንዲሶቹ መኪናው ላይ አረንጓዴ ፈሳሽ ቀለም ይቀባሉ። አየሩ ቀለሙን ሲገፋው በየት በኩል እንዳለፈ መንገዱ ታትሞ ይቀራል።

የመኪናው ቅርጽ ግን አታላይ ነው። በ2022 መርሴዲስ ባህሬን ላይ ጎኑ ስልል ያለ፣ ማንም ያልሠራው መኪና ይዞ መጣ። ጉድ ተባለ። ውድድሩ ሲጀመር ያ መኪና ቀጥታ መንገድ ላይ እንደ ኮሮኮንች መንገድ ሲያነጥር ታየ። ከ22 ውድድሮች ያሸነፈው አንዱን፣ የብራዚሉን ብቻ ነው።

ተቃራኒውም አለ። ሆንዳ በ2008 መጨረሻ ስፖርቱን ጥሎ ሲወጣ ቡድኑን አለቃው ሮስ ብራውን ተረክቦ በስሙ ጠራው። መኪናው ለሙከራ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው። ወለሉ ከኋላ በኩል አየሩን የሚያወጣበት ድርብ መውጫ ነበረው። ሹፌሩ ጄንሰን በተን በ2009 ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ውድድሮች ስድስቱን አሸነፈ፤ ዓመቱ ሲያልቅም የሹፌሩም የቡድኑም ዋንጫ የብራውን ሆኑ። ለጅማ ሰው ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2018፣ ዋንጫውን ሲያነሳ ማን ገምቶ ነበር?

2009፣ 2014 እና 2022 ሦስቱም ደንብ የተቀየረባቸው ዓመታት መሆናቸውን ልብ በሉ። 2026ም እንዲሁ ነው። የኤሌክትሪኩ ሞተር ኃይል ከ120 ወደ 350 ኪሎ ዋት አድጓል፤ ክንፎቹ ቀጥታ መንገድ ላይ ይከፈታሉ፤ ዝቅተኛው ክብደት ወደ 768 ኪሎ ወርዷል። አዲሱ ቡድን ካዲላክ ሲጨመር ቡድኖቹም 11 ሆነዋል። በእንዲህ ያለ ዓመት የአምናው ደረጃ ብዙ አይረዳም።

የሙከራው ውጤት ትክክል ሆኖም ግምት ሊበላሽ ይችላል። ማክላረን 2023ን ሲጀምር መኪናው ደካማ ነበር። የባህሬኑን ውድድር ከሁለቱ ሹፌሮቹ ኖሪስ 17ኛ ጨረሰ፣ ፒያስትሪ አቋረጠ። ሐምሌ ላይ ግን ያው ቡድን እንግሊዝ ውስጥ ሲልቨርስቶን ላይ ሁለተኛ ወጣ። በ2024 ደግሞ ከ1998 ወዲህ ያላገኘውን የቡድን ዋንጫ ወሰደ።

ታንኩ በእኩል የሚራገፈው በመጀመሪያው ውድድር ማጣሪያ (የመነሻ ቦታ በሚለይበት ዙር) ላይ ነው። የ2025 ውድድር የተከፈተው አውስትራሊያ ላይ፣ እሁድ በእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ነበር። በዚያ ሰዓት ጅማ ውስጥ ኳስ የሚያይ የለም። ሪሞቱን የሚነጥቅም እንዲሁ።