የጨረታ ሪያሊቲ ፕሮግራሞችና ሰብሳቢዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ታሪክ ያላቸው ዕቃዎች ሲገመቱ፣ ሲሸጡና ሲጫረቱ የሚያሳዩ የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች ዛሬ በብዙ ቤት ይታያሉ። የቢቢሲው «አንቲክስ ሮድሾው» በ1979፣ በአሜሪካ በፒቢኤስ የሚተላለፈው አቻው ደግሞ በ1997 ጀመሩ። በ2009 በላስ ቬጋስ ዕቃ በመያዣ ተቀብሎ ገንዘብ የሚያበድር ሱቅን የሚያሳየው «ፓውን ስታርስ» መጣ፤ በ2010 ደግሞ ኪራያቸው ያልተከፈለ የዕቃ ማከማቻ ክፍሎችን ጨረታ የሚከታተለው «ስቶሬጅ ዋርስ» እና የፊልም አልባሳትና ቁሳቁስ የሚሸጡበትን ጨረታ ያስተዋወቀው «ሆሊዉድ ትሬዠር» ተከተሉ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሳንቲምና ቴምብር ስሰበስብ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ስለ እነዚህ ፕሮግራሞች በየጊዜው እጠየቃለሁ፤ ከጥያቄዎቹ በስተጀርባ የማገኛቸው የተሳሳቱ አመለካከቶችም ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ በመሆናቸው አንድ በአንድ ላነሣቸው ወደድሁ።

«ሰብሳቢዎች እነዚህን ፕሮግራሞች አይወዷቸውም»

ይህ በግማሽ ብቻ ልክ ነው። ሰብሳቢዎች ያያሉ፤ አንዳንዶቹም አያመልጣቸውም። እኔ ያስተዋልኩት አንድ ነገር ቢኖር ሰብሳቢ የሚያደንቀው የራሱ ሙያ ያልሆነውን ክፍል መሆኑን ነው። የሳንቲም ሰብሳቢ ስለ አሮጌ ሰይፍ የሚነገረውን በደስታ ያዳምጣል፤ ተራው ደርሶ ሳንቲም ሲቀርብ ግን ገማቹ ስንት ነገር ሳይጠይቅ እንዳለፈ ስለሚያውቅ ይቆጣል። የሰይፍ ሰብሳቢውም በተራው እንደዚያው ነው። ስለዚህ ቅሬታው በፕሮግራሞቹ መኖር ላይ አይደለም። ቅሬታው ዋጋው በትልቁ ተጽፎ ሲታይ፣ ወደ ዋጋው የሚያደርሰው የምርመራ ሥራ በሙሉ ተቆርጦ መቅረቱ ላይ ነው። ፕሮግራሞቹ ለብዙ ወጣቶች የመሰብሰብን ፍቅር እንዳሳደሩባቸው ግን መካድ አይገባም፤ በየሣጥኑ ተረስቶ የነበረ ስንት ዕቃ ከመጣል ድኗል።

«ሁሉም የተቀነባበረ ድራማ ነው»

ማዘጋጀትና ማጭበርበር የተለያዩ ናቸው። በመያዣ ሱቁ ፕሮግራም የሚቀርበው ሻጭ በድንገት ከመንገድ የገባ አይደለም፤ ዕቃው አስቀድሞ ታይቶ ተመርጧል፤ «አንድ የማውቀው ባለሙያ አለ፣ ልጥራው» የሚባለውም ባለሙያ ቀጠሮው የተያዘለት ሰው ነው። ይህ የቴሌቪዥን ሥራ ጠባይ ስለሆነ ዕቃውን ሐሰተኛ አያደርገውም። ከዚህ የከበደ ክስም ቀርቦ ያውቃል። በ«ስቶሬጅ ዋርስ» ይጫረት የነበረው ዴቭ ሄስተር በ2012 መጨረሻ ላይ፣ አዘጋጆቹ ውድ ዕቃዎችን አስቀድመው ክፍሎቹ ውስጥ ያስቀምጣሉ ሲል ጣቢያውን ከሰሰ፤ ጉዳዩ በ2014 በስምምነት ስለተዘጋ ፍርድ ቤት በክሱ እውነትነት ላይ የመጨረሻ ቃል አልሰጠበትም።

ሰብሳቢዎችን የበለጠ ያሳዘነው ግን እጅግ በተከበረው ፕሮግራም ላይ የደረሰው ነው። በፒቢኤሱ «አንቲክስ ሮድሾው» የመጀመሪያ ዘመን አንድ እንግዳ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ሰይፍ ይዞ ቀረበና በልጅነቱ ሐብሐብ ይቆርጥበት እንደነበር ተናገረ። ገማቹ በመደነቅ ከፍ ያለ ዋጋ ሰጠው፤ ተመልካችም ተደነቀ። በኋላ እንደታወቀው እንግዳው የገማቾቹ ወዳጅ ነበር፤ ታሪኩም አስቀድሞ የተጠና ነበር። አዘጋጁ ጣቢያ በ2000 ከሁለቱ ገማቾች ጋር የነበረውን ግንኙነት አቋረጠ፤ ጉዳዩም እስከ ወንጀል ክስና እስራት ደረሰ። የከፋው የሰይፉ ጉዳይ አልነበረም። ሰዎቹ በቴሌቪዥን ያገኙትን ስም ተጠቅመው የታዋቂ የጦር መኮንኖችን ዘሮች እያሳመኑ የቤተሰብ ዕቃቸውን በርካሽ ወስደውባቸዋል። ተመልካች ሊጠነቀቅ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ በስክሪን የታየ ፊት በራሱ የመታመን ማረጋገጫ አይሆንም።

«የታየው ዋጋ ሻጩ ኪስ የሚገባው ነው»

አጫራቹ መዶሻውን ሲመታ የሚጠራው ዋጋ አንድ ነው፣ ገዢው የሚከፍለው ሌላ፣ ሻጩ የሚቀበለው ደግሞ ሌላ። ጁዲ ጋርላንድ «ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» በተባለው ፊልም ላይ ከተጫማቻቸው ቀይ ጫማዎች አንዱ ጥንድ በዲሴምበር 2024 ሲሸጥ መዶሻው የተመታው በ28 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ገዢው ግን ከነኮሚሽኑ 32.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ወደ እኛ አቅም እናውርደው። መዶሻው በ1,000 ዶላር ቢመታና የገዢው ኮሚሽን 25 በመቶ ቢሆን ገዢው 1,250 ዶላር ይከፍላል፤ የሻጩ ኮሚሽን 10 በመቶ ከሆነ ሻጩ 900 ዶላር ይቀበላል፤ ማጓጓዣ፣ ኢንሹራንስና ግብር ገና አልተነሡም። በግምት ፕሮግራሞች የሚነገረው ዋጋም ብዙ ጊዜ ለኢንሹራንስ የሚያገለግል ወይም በሱቅ የሚጠየቅ ዋጋ ነው። ነጋዴ ደግሞ ሊያተርፍ ስለሚገዛ ከዚያ ብዙ ዝቅ ያለ ይሰጣል፤ በመያዣ ሱቁ ፕሮግራም ሻጩ የጠየቀውን ግማሽ ተቀብሎ ሲወጣ ተመልካቹ «ተበላ» የሚለው ይህን ልዩነት ስላላስተዋለ ነው።

«ዕቃው ከቆየ ውድ ነው»

በእኛ ሰው ዘንድ ከሁሉ የበዛው ስሕተት ይህ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሦስት የማርያ ትሬዛ ብር አመጡልኝ። «ልጄ፣ ይኸው 1780 ይላል፤ በቴሌቪዥን ከዚህ ወዲህ የሆነው እንኳ በስንት ሺህ ዶላር ሲሸጥ አይቻለሁ» አሉኝ። ለእኔ እንዲያምሩ ብለው በአመድና በሎሚ አሽተዋቸው ስለነበር እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራሉ፤ የአንደኛው አናት ላይ ለአንገት ጌጥ ተበይዶ የነበረ ማንጠልጠያ ጠባሳ ነበረበት።

1780 የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ያረፈችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የተመታው ብር ሁሉ፣ በአሥራ ዘጠነኛውም ሆነ በሃያኛው ክፍለ ዘመን፣ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ቀጠለ፤ ምክንያቱም በቀይ ባሕር ዙሪያ ያለው ነጋዴ የለመደውን መልክ እንጂ ሌላ ገንዘብ አልቀበልም ይል ነበር። ቪየና መታችው፤ ጣሊያን በ1930ዎቹ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ ሮም ውስጥ መታችው፤ እንግሊዞችም በለንደን፣ በበርሚንግሃምና በቦምቤይ መቱት። በአገራችን እስከ 1945 ድረስ ሲገበያዩበት የኖሩት ይህ ብር ከ28 ግራም ጥቂት የሚበልጥ ክብደት አለው፤ ከሺህ 833 እጁም ንጹሕ ብር ነው። በመቶ ሚሊዮኖች ስለተመታ አብዛኛው የሚያወጣው ከብርነቱ ዋጋ ብዙም የራቀ አይደለም። ከነዚያ መካከል ግን በእርግጥ በቀደመው ዘመን የተመቱ፣ ሰብሳቢ የሚፈልጋቸው ዓይነቶች አሉ፤ የሚለዩትም በዓመተ ምሕረቱ ሳይሆን በንስሩ ጅራት ላባ አቀማመጥ፣ በፊደሎቹ ቅርጽና በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው መቆንጠጫ ነው። አባቶቻችን በገበያ ብሩን ሲቀበሉ የመቆንጠጫውን ዕንቁዎች ይቆጥሩ፣ ጠርዙን በጣታቸው ይዳስሱ ነበር፤ የዛሬ ሰብሳቢ በአጉሊ መነጽር የሚያደርገው ያንኑ ነው።

ለእኚያ እናት ይህን ሁሉ ከነገርኳቸው በኋላ አንድ ነገር ለመንኳቸው፤ «እማማ፣ ሁለተኛ አይሹት» አልኳቸው። ዘመን ያለበሰው ጥቁርነት ለሰብሳቢ የብሩ ቆዳ ነው፤ አመዱ እርሱን ሲያነሣው ጥቃቅኑን የቅርጽ መስመርም አብሮ ይበላዋል። በቴሌቪዥን ከመቀረጹ በፊት ዕቃ ተወልውሎ ሲቀርብ ባየሁ ቁጥር የሚቆረቁረኝም ይኸው ነው።

የቆየ ዕቃ የሚወደደው ፈላጊው በዝቶ የተረፈው ሲያንስ ነው። ቶፕስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1952 ያሳተማቸውን ነገር ግን ሳይሸጡ የቀሩ የቤዝቦል ተጫዋቾች ምስል ያለባቸው ካርዶች በ1960 በጀልባ ጭኖ ባሕር ውስጥ ጣላቸው፤ ከዚያው ኅትመት የተረፈ አንድ የሚኪ ማንትል ካርድ በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ግን ካርድ ሀብት ነው ተብሎ ሰው ሁሉ በካርቶን ማስቀመጥ ጀመረ፤ አሳታሚዎችም ያለ ልክ አተሙ፤ ከዚያ ዘመን የተቀመጠው አብዛኛው ካርድ ዛሬ የያዘውን ካርቶን እንኳ አያወጣም።

«ሰርተፍኬት ካለው እውነተኛ ነው»

ሰርተፍኬት የሰጪውን ያህል ብቻ ይታመናል። ኤፍቢአይ «ኦፕሬሽን ቡልፔን» ብሎ በሰየመው ምርመራ በካሊፎርኒያና በሌሎች ግዛቶች ያፈረሳቸው የፎርጅድ ፊርማ ቡድኖች ሐሰተኛ ፊርማ ብቻ ሳይሆን ከፊርማው ጋር አብሮ የሚሄድ ሰርተፍኬትም ይሸጡ ነበር፤ ከተያዙት ዕቃዎች መካከል የማዘር ቴሬዛ ፊርማ ያለበት የቤዝቦል ኳስ ይገኝበታል። የታወቀ ድርጅት የሰጠውም ቢሆን ከስሕተት ነፃ አይደለም። ፒኤስኤ የተባለው ካርድ መርማሪ ድርጅት በ1991 ለመጀመሪያ ጊዜ ደረጃ የሰጠው ካርድ፣ ስሙ የገነነው የቤዝቦል ተጫዋቹ የሆነስ ዋግነር ካርድ ነበር። ታዋቂው አጫራች ቢል ማስትሮ በ2013 ጥፋተኛነቱን ሲያምን ያንኑ ካርድ ጠርዙ ሹል እንዲሆን መከርከሙን፣ በጨረታዎቹም ሐሰተኛ ተጫራች እያስገባ ዋጋ ማስወጣቱን ተናዘዘ፤ በ2015 የ20 ወር እስራት ተፈረደበት።

እውነተኛ ማረጋገጫ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚፈልግ የዲዬጎ ማራዶና ማሊያ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1986 በሜክሲኮ የዓለም ዋንጫ አርጀንቲና እንግሊዝን ስታሸንፍ የለበሰውን ማሊያ ከጨዋታው በኋላ የተለዋወጠው እንግሊዛዊው ስቲቭ ሆጅ ነበር። በ2022 ሶዘቢስ ለጨረታ ሲያቀርበው የማራዶና ቤተሰብ «ይህ በመጀመሪያው አጋማሽ የለበሰው ነው፤ በእጁና በዚያ ድንቅ ሩጫ ጎሎቹን ያስቆጠረው ግን በሁለተኛው ነው» ሲል ተከራከረ። አጫራቹ ይህን የመለሰው በምስክር ቃል ብቻ ሳይሆን ማሊያውን ከጨዋታው ፎቶግራፎች ጋር ዝርዝር በዝርዝር በማመሳከር ነው፤ ዓርማው የተሰፋበት ቦታ፣ የሰንበሩ መስመርና የቁጥሩ አቀማመጥ ተነጻጸሩ። ይህ ሊሆን የቻለበት ምክንያትም አለው። ቡድኑ ለሜክሲኮ ሙቀት የሚሆን ቀለል ያለ ማሊያ ፈልጎ ከጨዋታው በፊት በነበሩት ጥቂት ቀናት ከሜክሲኮ ሲቲ ሱቅ ስለገዛ፣ የሚያብለጨልጩት ቁጥሮች በችኮላ ተለጥፈው ነበር፤ በችኮላ የተለጠፈ ቁጥር ደግሞ በሁለት ማሊያ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ አይቀመጥም። ማሊያው 7.1 ሚሊዮን ፓውንድ ወጣ። በመያዣ ሱቁ ፕሮግራም ግን ባለሙያው ዕቃውን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ በጥቂት ደቂቃ ፍርዱን ይሰጣል፤ ተመልካቹም ማረጋገጥ ማለት ይኸው ብቻ ይመስለዋል።

«በእጅ ያለ ዕቃ የባለቤቱ ነው»

በፕሮግራሞቹ ላይ «ከየት አገኙት?» ተብሎ ይጠየቃል፤ «ከአያቴ» ከተባለ ወደ ዋጋው ይታለፋል። ለሰብሳቢ ግን ጉዳዩ ገና እዚህ ላይ መጀመሩ ነው። ከላይ ያነሣናቸው ቀይ ጫማዎች በ2005 በሚኒሶታ ግራንድ ራፒድስ ከሚገኝ ሙዚየም ተሰርቀው በ2018 ነው በኤፍቢአይ የተገኙት፤ ከዚያ በፊት በቅን ልቦና ገዝቷቸው የሚያውቅ ሰው ቢኖር ኖሮ ገንዘቡም ጫማውም በቀረበት ነበር። ደስ የሚለው፣ ቀዳሚው ፕሮግራም ራሱ በዚህ ረገድ ጥሩ አርአያ አሳይቷል፤ በ2024 የቢቢሲው ገማች ሮኒ አርቸር ሞርጋን ከባሪያ ንግድ ጋር የተያያዘ የዝሆን ጥርስ አምባር ሲቀርብለት ታሪኩን በሙሉ ካስረዳ በኋላ ዋጋ አልሰጥም ብሏል።

ለእኛ ይህ ጥያቄ የሩቅ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ በ1868 መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ዕቃ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ አወረደውና ለሁለት ቀን አጫረተው። ከተጫራቾቹ አንዱ ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ ሪቻርድ ሆምዝ ነበር፤ ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። እንግዲህ ከደላንታ የወጣ መጽሐፍ ወይም ጋሻ የተገዛ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የውርስና የሽያጭ ወረቀትም አንዳች ጉድለት ላይኖርበት ይችላል፤ መነሻው ግን ዘረፋ ነው። በጁን 2021 በእንግሊዝ ዶርሴት የሚገኝ አንድ አጫራች በቆዳ የተለበጠ የግእዝ መጽሐፍ ቅዱስና የቀንድ ዋንጫዎች ከመቅደላ የመጡ መሆናቸውን በዝርዝሩ ላይ ጽፎ ለጨረታ ባወጣ ጊዜ፣ በለንደን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ሽያጩ እንዲቆም ጠየቀ። ዕቃዎቹ ከጨረታው ወጡ፤ ሼሄራዛድ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት ከባለቤቱ ገዛቸው፤ በዚያው ዓመትም ለኢትዮጵያ ተመለሱ።